እንጨቷ ወደ ድስቱ ስትመለስ

ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የተቀመጣችሁት ሁለት ወንድሞቼ፣ አትፈሩ፤ የጀርባና የደረት ፀጉር ላስነሳ ብለው በራችንን የሚያንኳኩ ወንዶች እየበዙ ነውና ዛሬ የምናገረው እናንተንም ይመለከታል።

ወደዚህ የጋበዘችኝ ልጅ በስልክ «ርዕሱ ዋክስ ቤት ውስጥ ቢሠራ ይሻላል ወይስ የውበት ሳሎን የሚል ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሙሽሮች ይጠይቁኛል፤ የሙሽሮች እናቶች ደግሞ ልጃቸው እንዳትሰማ በጆሮዬ ይጠይቁኛል። ቤቷ ሠርታው እግሯ ተቃጥሎ የመጣች አይቻለሁ፤ ሳሎን ከፍላ የላይኛው ከንፈሯ ተልጦ የወጣችም አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ቦታውን አይደለም፤ እንጨቷን ነው። የዋክሱን ሰም የምንቀባባት ያቺ ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት ቆዳ ከነካች በኋላ ወዴት ትሄዳለች? ወደ ቆሻሻ መጣያው ወይስ ወደ ድስቱ?

እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የራሴን ጠባሳ ላሳያችሁ። ይኸውላችሁ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ የሎሚ ቅጠል የሚያህል። ይህ የቤት ዋክስ ነው።

ሙያውን የጀመርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ማዳም በየሦስት አራት ሳምንቱ እህቶቿን ሰብስባ ኩሽና ውስጥ ፀጉር የሚነቀልበትን ስኳር ታፈላ ነበር። እነሱ «ሱከር» ይሉታል፤ ካይሮና ጅዳ የነበሩ ጓደኞቼ «ሀላዋ» ነው የሚሉት። ሐረር ሄዳችሁ ሀላዋ ብትሉ የሚቀርብላችሁ የሚበላው ጣፋጭ ነው፤ እንዳትሳሳቱ። የሚገባበት ነገር ስኳር፣ ውኃና ሎሚ ብቻ ነው። ሎሚው ለሽታ እንዳይመስላችሁ፤ ኮምጣጣነቱ ስኳሩን ይሰብረውና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ እንደ አሸዋ እንዳይሻክር ያደርገዋል። እያየሁ ተማርኩ፤ ኋላ ማፍላቱም መንቀሉም ለእኔ ተተወ። ስመለስ ማዳም የጣፋጭ መሥሪያ ቴርሞሜትሯን ሰጥታ ሸኘችኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ ሎሚ፣ ቴርሞሜትሩ ላይ ያንኑ ቁጥር ጠብቄ አወረድኩት። እንደ ከረሜላ ደረቀብኝ። ደግሜ ሠራሁት፣ ደረቀ። ምክንያቱ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ቤይሩት ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ እኛ 2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። ውኃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ገደማ ይፈላል። ስኳሩም የሚፈለገው ውፍረት ላይ የሚደርሰው ቤይሩት ከሚደርስበት 8 ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ ነው። እናንተም ከኢንተርኔት ላይ አይታችሁ የምትሠሩት ልኬት ሁሉ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ሳይሆን ጠብታውን እመኑ፤ ከድስቱ ጭልፋችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጠብ ስታደርጉት በጣት የሚድቦለቦል ለስላሳ ኳስ ከሆነ፣ አውርዱት።

ያን ቀን እኔ ንዴት ያዘኝ። የደረቀውን ውኃ ጨምሬ መልሼ እሳት ላይ ጣድኩት፤ ቀለጠልኝ ብዬ እስኪበርድ ሳልጠብቅ በማንኪያ እግሬ ላይ አሳረፍኩት። ሻይ ቢደፋባችሁ ይፈስሳል፤ ደንግጣችሁ ታራግፉታላችሁ። ስኳር ግን ከፈላ ውኃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ደግሞም ተጣብቆ ይቀራል። ልታላቅቁት ስትሞክሩ ጣታችሁንም ይይዘዋል። ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በአንድ እጇ የጥርስ ሳሙና በሌላው ቅቤ ይዛ ነበር። ሁለቱንም ቀባችኝ። ዛሬ ቢሆን ሁለቱንም ከእጇ አስጥዬ ቧንቧ ከፍቼ እግሬን ለ20 ደቂቃ ከሥሩ አቆመው ነበር፤ ቧንቧው ከሄደም ከጀሪካን እየቀዳሁ። በረዶ አይደረግም፣ እንቁላልም አይደረግም። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ፤ ከዚያ ውኃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ።

ማይክሮዌቭ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ማይክሮዌቭ ሰምን እኩል አያሞቅም። ዳሩ ገና ጠጣር ሆኖ መሐሉ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ዳሩን በጣት ነክታችሁ «ለብ ብሏል» ትላላችሁ፤ እንጨቷ መሐሉን ይዛ ትወጣለች። ቤት ለመሥራት የወሰነች ሴት ሙቀቱን ራሱ የሚጠብቅ ትንሽ የዋክስ ማሞቂያ ትግዛ። እሱም ቢሆን ይበላሻልና በየጊዜው ጥቂት ወስዳ አንጓዋ ላይ፣ ሰዓት በምናስርበት በውስጥ በኩል፣ ትሞክረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሞቂያው ምን ላይ እንደነበረ አትርሱ። ከሰል ላይ ጥዶ የሚቀጥል ሰው ካያችሁ፣ ቤትም ሆነ ሳሎን፣ ተነሥታችሁ ሂዱ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ መሠራት ያቃጥላል ብዬ ወደ ሳሎን እየገፋኋችሁ ከመሰላችሁ፣ ቆይ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ሳሎን ተቀጠርኩ፤ ስሙን አላነሣም። ቤቱ ያበራል፣ ፎጣው ነጭ ነው፣ ፈቃዱ በፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቷ ለደንበኛ ሁሉ በኩራት የምትናገረው ሕግ ነበራት፤ «እኛ ጋ ለአንድ ሰው አንድ እንጨት ነው!» ደንበኞችም ይህን ሲሰሙ ልባቸው ያርፋል። እኔም አርፎ ነበር። ስምንት ወር እንደዚያ ሠርቻለሁ፤ እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዲት ሴት ብብቷን ልትሠራ ተኝታለች። እንጨቷን ድስቱ ውስጥ እነክራለሁ፣ ብብቷ ላይ እቀባለሁ፣ ጨርቁን አጣብቄ እነቅላለሁ። የመጀመሪያዋ ከሆነ ፀጉሩ ከወጣበት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ የምታህል ደም ነቁጥ ነቁጥ ብላ ትወጣለች፤ ይህ የተለመደ ነው። እንጨቷን መልሼ ድስቱ ውስጥ እነክራለሁ። እንደገና ብብቷ ላይ። እንደገና ድስቱ ውስጥ። ለአንዷ ሴት ያቺ አንዲት እንጨት አሥራ አምስት ጊዜ ትመላለሳለች። ሴትዮዋ ስትነሣ እንጨቷን በክብር ጥዬ አዲስ እንጨት አወጣለሁ፤ ድስቱ ግን ያው ነው። ቀጥሎ የምትተኛዋ አዲስ እንጨት ያገኘች ይምሰላት እንጂ የሚቀባት የቀደመችዋ እንጨት የተነከረችበት ሰም ነው። ያ የሰም ድስት ሳይጣል እየተጨመረበት ሳምንት ይቆይ ነበር።

«ሙቅ አይደለም እንዴ፣ ጀርሙን ይገድለዋል» የምትሉኝ አላችሁ። ቆዳችሁን የማያቃጥል ሙቀት ጀርሙንም አይገድለውም፤ ለእናንተ የተመቸ ለእሱም ተመችቶታል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ደም የነካ ነገር ከሰው ወደ ሰው አይሻገር የሚባለው ለዚህ ነው። ከቫይረሱ ሌላ ቆዳችን ላይ ሳይጎዳን የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ ፀጉሩ የተነቀለበት ቀዳዳ ሲከፈትለት ግን ወደ ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ያሉ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ የአንዲት የ20 ዓመት ልጅ ታሪክ አወጡ። ልጅቷ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ስኳሯም በደንብ አልተያዘም። ብራዚሊያን የሚባለውን፣ የኃፍረት አካባቢን ጨርሶ የሚያነሣውን ዋክስ ተሠርታ ከባድ ኢንፌክሽን ያዛትና ሆስፒታል ገባች። የተገኘባት ጀርም ልጆቻችንን ቶንሲል የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሄርፒስ ነበረባት። (ስሙ ብራዚሊያን የሆነው ኒውዮርክ ሳሎን የከፈቱ ሰባት ብራዚላውያን እህትማማቾች ስላስለመዱት ነው።) በ2009 ደግሞ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ሁለት ሴቶች ታመው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ሙያውን የሚቆጣጠረው ቦርድ ይህን የዋክስ ዓይነት ጨርሶ ሊከለክል አስቦ ነበር። የሳሎን ባለቤቶች ጮኹ፣ ቦርዱም ተወው። እኔም መከልከሉን አልደግፍም፤ ከተከለከለ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ብቻውን ይሠራዋል፣ ያ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ሳሎን ስትገቡ ነጩን ፎጣ አትዩ። ፈቃዱ ቤቱ መፈቀዱን፣ የሲኦሲ የሙያ ብቃት ወረቀቱም ሠራተኛዋ ተፈትና ማለፏን ይነግራችኋል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በጥር ወር፣ ስድስት ሙሽራ ተሰልፋ ምን እንደምታደርግ አይነግራችሁም። ከእናንተ በፊት ያለችዋ ስትሠራ ሁለት ደቂቃ እንጨቷን ተከታተሏት። በየቅቡ አዲስ እንጨት የምታነሣ ከሆነ ተኙላት። ካልሆነም አንድ መላ አለ፤ ከቀጣሪዬ ተለይቼ የራሴን ክፍል ስከፍት የጀመርኩት ነው። «የኔ እህት፣ ለእኔ የሚሆነውን በትንሽ የወረቀት ኩባያ ቀንሺልኝ፤ የተረፈው ይጣል» በሏት። ንጹሕ እንጨት ካልተነካ ድስት ይቀዳል፣ ከኩባያው እንጨቷ የፈለገችውን ያህል ብትመላለስ ከእናንተ ወደ እናንተ ነው። ቅር የምትል ከሆነ ቅር ይበላት። በመንከባለል የሚቀባው፣ ጫፉ ላይ መሽከርከሪያ ያለው ሮል ኦንም ያው ነው፤ ከአንዷ ብብት ወደ ሌላዋ ከተሻገረ ከድስቱ አይለይም። ለቤት ግን ለብቻችሁ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ቤት ሳሎንን ይበልጣል፤ ድስቱ የእናንተ ብቻ ነው። እህትማማቾች ተሰብስበው ከአንድ ድስት ሲሠሩ ግን ያቺው የማዳም ኩሽና ናት።

አሁን ወደምጠላው ታሪክ ልምጣ። አንዲት ሙሽራ ሰርጓ አምስት ቀን ሲቀረው መጣች። የላይኛው ከንፈሯን ቀባሁ፣ ነቀልኩ። ከጨርቁ ጋር ፀጉር ብቻ አልወጣም፤ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ አብሮ ተነሣ። ከሥሩ ቀይ፣ እርጥብ። እሷ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። «ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ብዬ የጠየቅኋት ከዚያ በኋላ ነው። ለማዲያት የታዘዘላት ቅባት ነበር።

ብዙዎቻችን ማዲያት አለብን፤ ቅባቱንም ከሐኪም ይሁን ከጓደኛ እንቀባለን። ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ውስጥ ትሬቲኖይን አለ፤ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን የሚያሳሳ ነገር ነው። ፊት ያነጣሉ ተብለው የሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ይገኛል፤ ሲቆይ ቆዳን እንደ ሲጋራ ወረቀት ያደርገዋል። ሰም ስስ ቆዳን ከፀጉር አይለይም፣ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ሬቲኖይድ ቅባት የምትቀባ ሰው ከዋክስ በፊት ከ2 እስከ 5 ቀን ታቁም ይላል፤ ለብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን የወሰደች ደግሞ ካቆመች 6 ወር እስኪሞላት ዋክስ አትሠራ። እኔ ከዚያች ሙሽራ ወዲህ ፊቷን ቅባት ለምትቀባ ሴት ሰም አላስነካም፤ በክር እሠራታለሁ። ክር ፀጉሩን ብቻ ነው የሚይዘው።

ከንፈር ካነሣን ምችም አለ። ምች የሚመታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ሲያገኛችሁ ከንፈር ላይ ውኃ የሚቋጥረው። ሐኪሞች ሄርፒስ ይሉታል። አንዴ ከገባ ተኝቶ ይኖራል፤ ከንፈር ላይ የሚነቀል ሰም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ምች ወጥቶባችሁ እያለ ደግሞ ዋክስ መሠራት ለራስም፣ ከእናንተ ቀጥላ ለምትተኛውም ጥፋት ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ እግራችሁ ላይ ያበጠ ደም ሥር ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ቤትም ሳሎንም አትሂዱ። ማርያም በሳመችው ምልክት፣ በኪንታሮት፣ በቁስልና ፀሐይ በለበለበው ቆዳ ላይ ሰም አይቀባም።

«እሺ፣ የቱን የት እንሥራ?» ነው የምትሉኝ። የእኔን ፍርድ ልንገራችሁ። ቅልጥምና ክንድ ቤት ይሠራል፤ ይታያል፣ እጅ ይደርሰዋል፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ብብት ላይ ፀጉሩ ወደ ሦስት አቅጣጫ ይበቅላል፤ በአንድ እጅ ቆዳውን ወጥራችሁ በሌላው መንቀል ደግሞ አትችሉም፣ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የኃፍረት አካባቢን ብቻዋን በመስታወት እያየች የምትሠራ ሴት ግማሹ ላይ ሕመሙ ሲበረታ ታቆማለች፤ ሰሙ ደርቆ ተጣብቆ ይቀራል፤ በሙቅ ውኃ ልታስለቅቀው ትሞክራለች። ሰም በውኃ አይለቅም፤ በዘይት ነው የሚለቀው። ስኳሩ ነው በውኃ የሚሟሟው። ስንት ሴት በሰም ተጣብቃ በስልክ እንዳስነሣችኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ቤት ስትሠሩ ፀጉሩ የአንድ ፍሬ ሩዝ ያህል፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርዘም። ካጠረ ሰሙ አይጨብጠውም፤ ከረዘመ ቁረጡት። ሰሙን ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ቀቡ፣ በተቃራኒው ንቀሉ፤ ስትነቅሉ ወደ ላይ ሳይሆን ቆዳውን ተንተርሳችሁ ሳቡ። ወደ ላይ የሚሳበው ነው ቆዳ የሚያበልዘው፣ ፀጉሩንም ከሥሩ ሳይሆን ከመሐሉ የሚበጥሰው። አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ አትድገሙ፤ የቀረችውን በወረንጦ ልቀሟት።

የእኛ ፀጉር ጥምዝምዝ ስለሆነ ሌላ ጣጣ አለበት። አዲሱ ፀጉር ሲበቅል ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ይታጠፍና ቆዳው ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ብጉር ይመስላል፤ ተጠግታችሁ ስታዩት ከሥሩ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለች ጥቁር ክር ትታያለች። በመርፌ አትቆፍሯት። ጠይም ቆዳ ለተጎዳበት ሁሉ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ፀጉሯ በሳምንት ትወጣለች፣ ምልክቱ ወራት ይቀመጣል። ከዋክስ በኋላ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በገላ ማሻሻ ቀስ ብሎ ማሸት ከመርፌው ይበልጣል።

ማደንዘዣ ቅባት የምትጠይቁኝም አላችሁ። በአሜሪካ የ22 እና የ25 ዓመት ሴቶች ለሌዘር ፀጉር ማስነሻ ሲዘጋጁ እግራቸውን ጠንካራ ማደንዘዣ ቀብተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ሞተዋል፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2007 ሕዝቡን አስጠንቅቋል። መድኃኒቱ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ነው። ሕመሙ ካስቸገራችሁ የወር አበባችሁ ሊመጣ ሲል ያለውን ሳምንት ዝለሉት፤ ያኔ ቆዳ ይበልጥ ይሰማዋል።

አሁን በጥር ገበያ የሚያስጮኸኝን ልናገርና ልጨርስ፤ የሙሽራ ፓኬጅ። ጠዋት ሞሮኮ ባዝ፣ ከሰዓት ዋክስ፣ ማታ ወይባ ጢስ። ሁሉም ጥሩ ነገር ነው፤ ወይባን የማይወድ ማን አለ? በአንድ ቀን ሲሆን ግን ጠዋት ማሻሻው የቆዳዋን ላይኛ ሽፋን ገፎታል፣ ከሰዓት ሰሙ የቀረውን ይዞ ሄዷል፣ ማታ ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ሆኖ ላቡና ጢሱ ይገባባታል። በበነጋው ጭኗ ሽፍ ብሎ የምትደውልልኝ እሷ ናት። ሞሮኮ ባዙ ከዋክሱ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ወይባው ከዋክሱ ሁለት ቀን ዘግይቶ። በመሐሉ ጠባብ ሱሪ የለም፣ ዶዶራንት የለም፣ የሶደሬ ዋናም የለም፤ ባል ቢኖርም ይታገሥ። ዋክሱ ራሱ ከሰርጉ አራት ቀን አስቀድሞ ይሁን፤ ተሠርታ የማታውቅ ሙሽራ ደግሞ ከወር በፊት አንድ ጊዜ ትሞክረው። ቅላቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ እኔ አይደለም የሚደወለው፤ ወደ ሐኪም ነው።

እያወራሁ ማሞቂያውን ሰክቼዋለሁ፤ መብራት ይስጠንና ሰሙ አሁን ማር ማር መስሏል። ኩባያ ይዣለሁ፣ አንድ ሙሉ እሽግ እንጨትም ይዣለሁ። ክንዷን የምትሰጠኝ ማን ናት? ቅባት የምትቀቡ እጃችሁን አውርዱ። አንቺ፣ የፊተኛዋ፤ ነይ ተቀመጪ። የቀራችሁት ደግሞ እኔን አትዩኝ፣ እንጨቷን ቁጠሩ።